እንክብሉ ወይስ በክንድ የሚቀበረው?

ጥያቄ፦ በየቀኑ የሚዋጠውን የወሊድ መከላከያ እንክብል እየወሰድሁ ሁለተኛ ልጄን አረገዝሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የመድኃኒቱ?

መልስ፦ እህታችን፣ ራስዎን አይውቀሱ። እንክብሉ አንድም ቀን ሳይዘለል ሲዋጥ በዓመት ከ1,000 ተጠቃሚዎች የሚያረግዙት 3 ያህል ብቻ ናቸው፤ ነገር ግን እንግዳ ሲያመሽ የሚረሳበት ወይም ማሸጊያው አልቆ ሌላ እስኪመጣ የሚቋረጥበት ቀን በማይጠፋበት በተለመደው ኑሮ፣ ቁጥሩ ከ100 ሴቶች ወደ 7 ይደርሳል። በየ3 ወሩ የሚወሰደው መርፌም ቀጠሮው ካለፈ አስተማማኝነቱ ይቀንሳል። የክብሪት እንጨት የሚያህለው ኢምፕላኖን ግን ከክንድ ቆዳ ሥር አንዴ ከተቀበረ 3 ዓመት ሙሉ ማስታወስን ስለማይጠይቅ፣ በዓመት ከ1,000 ተጠቃሚዎች ቢበዛ 1 ያህል ብታረግዝ ነው፤ ስለዚህ ለእርስዎ ይህን እመርጣለሁ። የወር አበባን ሊያዛባ እንደሚችል ይወቁ። የሳንባ ነቀርሳ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም አንዳንዶቹ ኃይሉን ስለሚያዳክሙ፣ ከመቀበሩ በፊት ለጤና ባለሙያዋ ይንገሯት።