ላጲሱን አስቀምጡት

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት ሥዕል የምትማር ልጅ ደብተሯን አመጣችልኝ። ገጹ ሁሉ ንጹሕ፣ መስመሩ ሁሉ የተስተካከለ። «የተበላሸውስ?» አልኳት። ቀዳ ጥላዋለች። እኔ ደግሞ ማየት የፈለግሁት እሱን ነበር።

ልቆጣት አልቻልኩም፤ እኔም ያው ነበርኩ። በወጣትነቴ አንድ በጋ ሙሉ መርካቶ እየሄድኩ የተሸካሚዎችን ጀርባ ስሞነጫጭር ከረምኩ። ቤት ስቀይር ደብተሮቹን «ምን ያደርጉልኛል» ብዬ ለእሳት ማቀጣጠያ ሰጠኋቸው። ከዓመታት በኋላ ማዳበሪያ የተሸከመ ሰው ሸራ ላይ ልሥል ብነሳ፣ ወገቡ እንዴት እንደሚታጠፍ ጠፋኝ። ትዝ ያለኝ አንድ ገጽ ጥግ ላይ የጫርኩት ነገር ብቻ ነው፦ «ክብደቱ ተረከዙ ላይ ነው»። እሱ አዳነኝ። ስለዚህ ከንድፋችሁ ጎን ሁለት ሦስት ቃል ጣል አድርጉ።

የዛሬ 500 ዓመት ገደማ የኖረውን ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን እዩት። ከ7,000 ገጽ በላይ ማስታወሻው ዛሬም አለ። ግራኝ ስለነበር ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል። (የኛ ዓይነት እርሳስ እንኳ አላገኘም፤ በብዕርና በጠመኔ ነው የሠራው።) ፊት፣ የውሃ አዙሪት፣ ጥርስ ያለው መዘውር አንድ ወረቀት ላይ ተጋፍተው ታገኟቸዋላችሁ። አንድ ቦታ የግንደ ቆርቁርን ምላስ እንዲገልጽ ራሱን ያዛል። ለየትኛው ሥዕል ሊሆነው? ለየትኛውም። ማወቅ አማረው፣ በቃ። ሌላ ገጽ ላይ የጂኦሜትሪ ስሌቱን መሀል ላይ ያቋርጥና ምክንያቱን ይጽፋል፦ ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው።

ስፔናዊው ሠዓሊ ፒካሶም እ.ኤ.አ. በ1937 ጌርኒካ የተባለችው የስፔን ከተማ በአውሮፕላን መደብደቧን ሲሰማ ቀጥታ ወደ ሸራ አልሮጠም። ሜይ 1 ቀን የደብተር ገጽ በምታክል ሰማያዊ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጫር ጫር አደረገ። ሕፃን የሞነጫጨረው ነው የሚመስለው። በሬው ግን እዚያው አለ፤ መብራት የያዘችው ሴትም አለች። ሁለቱም ወደ 8 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሸራ ላይ እስከ መጨረሻው ዘለቁ። ያቺን ወረቀት «አስቀያሚ ናት» ብሎ ቀዶ ቢጥላትስ?

እናንተ የሚያስፈልጋችሁ አንድ ቱ ቢ (2B) የሚባለው ለስላሳ እርሳስና ኪስ የሚገባ ደብተር ነው። ቀኑን ጥግ ላይ ጻፉ። ታክሲ ውስጥ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ ይንቀጠቀጥ። ለማንም አታሳዩት፤ ፎቶ አንስታችሁ ከለጠፋችሁት እጃችሁ በማግስቱ ለተመልካች መሥራት ይጀምራል።

ብዙ የምላችሁ ነበረኝ። ግን አቦሉ አምልጦኛል፤ ቶናው ሳይቀዘቅዝ ልነሳ።