ካሊብሬሽኑ ይቆይ፣ መጀመሪያ ጄሉን እየው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የፊት መስታወትህ ከተቀየረ ወዲህ ዋይፐሩ አውቶ (ዝናብ ሲያይ በራሱ የሚነሳበት) ላይ ሲሆን በጠራራ ፀሐይ ይጠርጋል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ይለግማል። አንዱ «የዝናብ ሴንሰሩን ካሊብሬት አስደርገው፣ ልኩን እንደገና ይያዝ» አለህ፣ ሌላው «ሴንሰሩ ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» አለህ። የቱን ልስማ ነው ጥያቄህ። እኔ መስታወት ቅየራና የመኪና ኤሌክትሪክ ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ለጊዜው ሁለቱንም አታድርግ።

ለምን እንደምልህ እንዲገባህ ሴንሰሩ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርህ። ይህ ሴንሰር ውሃ አይነካውም። ከመስታወቱ በስተውስጥ፣ ከኋላ ማሳያው መስታወት ጀርባ ነው የሚለጠፈው። ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን ወደ መስታወቱ አጋድሞ ይልካል፣ በ45 ዲግሪ ገደማ። ውጭው ደረቅ ከሆነ ብርሃኑ የመስታወቱን የውጭ ገጽ መትቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ከመስታወት ወደ አየር ማምለጥ የሚችለው ከ42 ዲግሪ ገደማ ያነሰ ጋደል ያለው ብርሃን ብቻ ነውና። የውሃ ጠብታ ሲያርፍበት ግን ያ ወሰን ወደ 61 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። ያኔ በ45 የመጣው ብርሃን በጠብታው በኩል ሾልኮ ይወጣል፣ የሚመለሰው ያንሳል። ሴንሰሩ ዝናብ መጣ የሚለው ይህን ጉድለት አይቶ ነው።

እንግዲህ ካሊብሬሽን ማለት ለሴንሰሩ «ደረቅ መስታወት ማለት ይህን ያህል ብርሃን ሲመለስ ነው» ብሎ ማስያዝ ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም። ብርሃኑ መስታወቱ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ እየባከነ ከሆነ ግን ያንን የተበላሸ ቁጥር «ደረቅ» ብለህ አስተማርከው ማለት ነው። ካሊብሬት የሚያደርገው ማሽን ተሳክቷል ይልሃል፣ መንገድ ላይ ስትወጣ ግን ያው ነው።

ብርሃኑ የሚባክነው አብዛኛውን ጊዜ ጄሉ ላይ ነው። በሴንሰሩና በመስታወቱ መካከል ግልጽ የሲሊኮን ጄል አለ። ሥራው አየር እንዳይገባ መዝጋት ነው። ትንሽ አረፋ ከገባች ብርሃኑ እዚያው አረፋው ላይ ይመለሳል፣ ወደ ውጭው ገጽ አይደርስም። በዚያ ቦታ ላይ ሴንሰሩ ዕውር ነው። ፀሐይ መስታወቱን ስታግለው ደግሞ አረፋው ይለጠጣል፣ የሚመለሰው ብርሃን ይለዋወጣል። ያንተ ዋይፐር በፀሐይ የሚነሳው ከዚህ ይመስለኛል።

ይህን የተማርኩት በድካም ነው። አንድ ጊዜ ልክ እንዳንተው መስታወቱ የተቀየረ መኪና መጣልኝ። ካሊብሬት አደረግኩት፣ ተሳካ አለኝ። ባለቤቱ በማግስቱ ተመለሰ። ደገምኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ሴንሰሩን ለመቀየር ተነስቼ ነበር። ስፈታው መስታወቱን የቀየረው ሰው የድሮውን ጄል መልሶ እንደለጠፈው አየሁ። ጠርዙ ላይ አቧራ ይዟል፣ መሐሉ ላይ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል አረፋ አለች። አዲስ ጄል አደረግኩበት፣ አንዴ ካሊብሬት አደረግኩት፣ አበቃ። ያ ሰው ሦስት ጊዜ መመላለሱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንተ ምንም ሳትፈታ ልታየው ትችላለህ። ከመኪናው ውጭ ቆመህ በእጅ ባትሪ ሴንሰሩ ያለበትን ቦታ በጎን አብራበት። ጥሩ ጄል ወጥ ሆኖ ይታያል። አረፋ ካለ እንደ ብር ያብረቀርቃል፣ ወይም ዙሪያው ክብ መስመር ይሠራል። እዚያው እያለህ ሴንሰሩ ፊት ለፊት ጠጠር የመታው ቦታ ወይም ስንጥቅ እንዳለም እይ።

አረፋ ካገኘህ አዲስ ጄል ያስፈልግሃል። የድሮውን አጥቦ መለጠፍ አያዋጣም። መስታወቱንም የሴንሰሩንም ፊት በአይሶፕሮፒል አልኮልና ብናኝ በማይተው ጨርቅ አጽዳ፣ እስኪደርቅ ጠብቅ። ጄሉን በጣትህ አትንካው፤ የጣት ቅባት ራሱ ምልክት ይተዋል። ስትለጥፈው ከአንድ ጠርዝ ጀምረህ ቀስ እያልክ አስተኛው፣ አየሩ በሌላኛው በኩል ይውጣ። አንዴ ካስቀመጥከው በኋላ እያነሳህ አትመልሰው። የመያዣው ክሊፖች በሁለቱም በኩል «ቀጭ» ብለው መግባታቸውን አረጋግጥ። በአንድ በኩል ብቻ ከያዘ ሴንሰሩ ይጋደልና ከጊዜ በኋላ አየር ይገባበታል።

መስታወቱ ራሱስ ትክክለኛው ነው? ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሙቀት የሚከላከል ሽፋን ያለው መስታወት ኢንፍራሬድንም ሊያግድ ስለሚችል፣ ሴንሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ሽፋን ያልተቀባ ትንሽ ክፍል፣ «መስኮት» የሚሉት፣ ይተውለታል። ያ መስኮት የሌለው መስታወት ከተገጠመልህ ጄልም ካሊብሬሽንም አያድንህም። አንዳንድ መኪና ላይ ደግሞ የመስታወቱ ዓይነት በመኪናው ኮምፒውተር ውስጥ መመዝገብ (ኮድ መደረግ) አለበት።

አሁን ካሊብሬሽኑ። ብዙ መኪና ላይ በስካነር፣ ማለትም ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር በሚያያዝ መመርመሪያ ማሽን ነው የሚሠራው። ስሙ እንደ መኪናው ይለያያል፤ ማስጀመር ወይም መነሻ ማስያዝ የሚል ነገር ፈልግ። ራሱ እየተማረ የሚያስተካክል ሴንሰርም አለ። ለእሱ ንጹሕ መስታወትና ትንሽ ጊዜ ይበቃዋል። በስካነር ከሆነ መኪናውን ጥላ ሥር አቁም። መስታወቱ በውስጥም በውጭም ንጹሕና ደረቅ ይሁን፣ እንፋሎት እንኳ አይኑርበት። ዋይፐሩ ቦታው ላይ ተኝቶ ይሁን። የመኪናው ባትሪ ደከም ያለ ከሆነ ቻርጀር አያይዝለት፣ መሐል ላይ ከተቋረጠ እንደገና ነው የምትጀምረው። መስታወቱ ላይ መንገዱን እያየ የሚያስጠነቅቅህ ካሜራ ካለህ የካሜራው ካሊብሬሽን ሌላ ሥራ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሲያልቅ መርጫ ጠርሙስ ይዘህ ፈትነው። ባልዲ ውሃ መድፋት ምንም አይነግርህም፣ ጎርፉን ማንኛውም ሴንሰር ያየዋል። ዋናው ጥያቄ ካፊያውን ያየዋል ወይ የሚለው ነው። ዋይፐሩን አውቶ ላይ አድርግና ስስ ካፊያ ርጭበት። ከዚያ ጨምር። ሴንሲቲቪቲውን (ለዝናብ ያለውን ንቃት) ከፍና ዝቅ እያደረግህ ልዩነቱን ተመልከት። ብዙ መኪና ፍጥነቱንም ስለሚያሰላ ቆሞ ሲፈተን ትንሽ ሊዘገይ ይችላል፣ አትደንግጥ። እጅህን ግን ከዋይፐሩ አርቅ። ሳታስበው ነው የሚነሳው፣ እጁን ያስመታ ሰው አይቻለሁ። መኪና ስታሳጥብም አውቶውን አጥፋው።

ሁሉም ተስተካክሎ አሁንም ከረበሸህ የዋይፐሩን ጎማ እይ። ያረጀ ጎማ የሚተወውን የውሃ መስመር ሴንሰሩ እንደ አዲስ ዝናብ ያነበዋል። ጠረገ፣ መስመር ተወ፣ እንደገና ጠረገ፤ ማቆሚያ የለውም። ውሃ የሚያንሸራትት ፈሳሽ መስታወቱ ላይ ካስቀባህም የጠብታው ቅርጽ ስለሚቀየር ሴንሰሩ ሊዛባ ይችላል። ሴንሰሩ ካለበት ቦታ ላይ አስጠርገውና ሞክረው።

ሴንሰር ግዛ የምልህ አንድ ሁኔታ ላይ ብቻ ነው። ጄሉ ደህና፣ መስታወቱ ትክክለኛ፣ ሶኬቱና ሽቦው ጤነኛ ሆኖ፣ በስካነሩ የሴንሰሩን ንባብ ከፍተህ እያየህ ውሃ ስትረጭበት ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ። ያኔ ቀይረው።

ዛሬ ማታ በእጅ ባትሪ እየውና ያየኸውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። አረፋ መሆኑንና አለመሆኑን አይቼ እነግርሃለሁ።