ለገጠር የጤናና የደኅንነት ትምህርት ድጋፍ ማፈላለግ፦ ከሰሜን ሸዋ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

የፕሮጀክት ሐሳብ ስጽፍና የሌሎችን ስገመግም ዓመታት ስላሳለፍሁ፣ ከልዩ ልዩ ወረዳዎች የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደሚከተለው እመልሳለሁ።

ጥያቄ (የእድር ሰብሳቢ፣ ከአረርቲ)፦ እድራችን በራሱ ስም ለለጋሽ ማመልከት ይችላልን?

መልስ፦ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርን፣ እቁብንና ሰንበቴን ስለማይመለከት፣ በእርሱ መሠረት የመመዝገብ ግዴታ የለባችሁም። ሆኖም አብዛኞቹ ለጋሾች የሕጋዊ ሰውነት ማስረጃና የኦዲት ሪፖርት ስለሚጠይቁ፣ ከተመዘገበ አገር በቀል ድርጅት ጋር ስምምነት መፈራረም ይሻላል። በስምምነቱ ውስጥ የእድሩ የሥራና የበጀት ድርሻ ተለይቶ ካልሰፈረ ግን፣ ጋሼ፣ የእናንተ ድርሻ ሕዝብ መሰብሰብ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄ (የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ከሸዋ ሮቢት አካባቢ)፦ ስለ ፀረ ተባይ ኬሚካል «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ብለን ያቀረብነው ሐሳብ ሁለት ጊዜ ውድቅ ሆነ። ምን ጎደለው?

መልስ፦ እህቴ፣ «ግንዛቤ» የሚለው ቃል ማን በምን እንደሚጎዳ አይናገርም። በአካባቢዎ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ኬሚካሉን በባዶ እጁ ይበጠብጣል እንበል፤ አፍንጫውን በነጠላ ቢሸፍንም፣ ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት የተባይ መድኃኒቶች በቆዳም በኩል ስለሚገቡ መሸፈኑ ብቻውን አያድነውም። ባዶው ጀሪካን ታጥቦ የውሃ መቅጃ ከሆነ ደግሞ አደጋው ከማሳው አልፎ ወደ ልጆቹ ይደርሳል። ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት ከልማት ሠራተኛው ጋር ጥቂት ቤቶችን ዞራችሁ፣ ኬሚካሉ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚበጠብጠው፣ ዕቃው ባዶ ሲሆን ምን እንደሚደረግበት መዝግቡ፤ በጤና ጣቢያው መዝገብ የመመረዝ ሕመምተኞች ካሉም ቁጥራቸውን ያለ ስም አክሉበት። ከትምህርቱ በኋላ እነዚያኑ ቤቶች መልሳችሁ ስትጎበኙ የሚታየው ልዩነት ውጤታችሁ ነው። «300 ሰዎች ሠለጠኑ» የሚለው ዓረፍተ ነገር፣ እኔም በወጣትነቴ ደጋግሜ የጻፍሁት ቢሆንም፣ የሚነግረን አዳራሹ መሙላቱን ብቻ ነው።

ጥያቄ (መምህር፣ ከመሐል ሜዳ)፦ በመንዝ ብርድ ቤት ውስጥ ኩበት እየነደደ ሕፃናት በጭሱ ይታመማሉ። የጃፓን ኤምባሲ ለትምህርቱ ይረዳናልን?

መልስ፦ ኤምባሲው ለማኅበረሰብ ፕሮጀክቶች የሚሰጠው ድጋፍ በዋናነት ለግንባታና ለመሣሪያ የሚውል እንጂ ደመወዝንና የዕለት ተዕለት ወጪን የሚሸፍን አይደለም። ለትምህርት ብቻ ከሆነ ሌላ ለጋሽ መፈለግ ይኖርብዎታል።

ጥያቄ (የአንድ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ፣ ከደብረ ብርሃን)፦ የአሠልጣኝ አበል አስተዳደራዊ ወጪ ነውን?

መልስ፦ አዋጅ 1113 አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ አስተዳደራዊ የሚለውም ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘውን፣ ለምሳሌ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝንና የቢሮ ኪራይን ነው። ለፕሮጀክቱ ሥልጠና የሚከፈል የአሠልጣኝ አበል በዚህ ትርጉም ውስጥ አይወድቅም።

ጥያቄ (የቀበሌ አመራር፣ ከቀወት)፦ የወባ ትምህርቱን መቼ ብንጀምር ይሻላል?

መልስ፦ ወባ የሚበረታው ከክረምቱ ዝናብ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ፣ ትምህርቱ ነሐሴ ላይ መሰጠት አለበት። የእኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ሲጀምር የብዙ ለጋሾች ግን በጥር ገደማ ስለሚጀምር፣ ገንዘቡ ኅዳር ላይ ደርሶ ወባው ከተሰራጨ በኋላ አጎበር ስለ መዘርጋት የሚሰበክበት ጊዜ አለ። በማመልከቻው ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ የመጀመሪያው ክፍያም ከሐምሌ በፊት እንዲለቀቅ ምክንያቱን ገልጻችሁ ጠይቁ።