መልስ፦ ባለ 20 ኢንች ብስክሌትን ስለ ማሻሻል
ባለ 20 ኢንች ብስክሌትዎ ፔዳሉ ቶሎ ቶሎ ቢዞርም እምብዛም እንደማይራመድልዎት ገልጸው፣ ከጎማውና ከማርሹ የትኛው ይቅደም ብለው ለጠየቁት፣ ከማርሹ፣ ማለትም ፔዳሉ ከሚያዞረው ከፊተኛው ባለ ጥርስ ክብ እንዲጀምሩ እመክራለሁ። ትንሽ ጎማ በአንድ ዙር የሚሸፍነው ርቀት አጭር በመሆኑ፣ ባለ 44 ጥርሱን በባለ 52 ቢተኩት በእያንዳንዱ የፔዳል ዙር 18 በመቶ ያህል ርቀት ይጨምራሉ፤ ዳገት ላይ ግን ይከብድዎታል፤ ካቴናውም ሊያጥር ስለሚችል አብሮ መለካት አለበት።

ጎማ ከመግዛትዎ በፊት በጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ፤ 20 ኢንች ተብለው የሚሸጡት በብዛት ዲያሜትሩ 406 ወይም 451 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቸርኬ የተሠሩ ስለሆኑ፣ አንዱ በሌላው ላይ ፈጽሞ አይገባም (እኔም ይህን የተማርኩት የማይሆን ጎማ ገዝቼ ነው)። ቸርኬውን ራሱን ከ406 ወደ 451 ልቀይር ካሉ ደግሞ፣ ጠርዙ ከመሐሉ በ22.5 ሚሊ ሜትር ስለሚርቅ የጠርዝ ፍሬንዎ (የቸርኬውን ጠርዝ በመያዝ የሚያቆመው) ከቦታው ጋር ላይገጥም ይችላል።