በትንሽ አውሮፕላን ድንበር መሻገር፦ ከመነሣት በፊት ያለው ሥራ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ሲያትል አጠገብ ሬንተን የምትኖር እህታችን ኮሜርሽያል ፈቃድ (እየተከፈለ ለማብረር የሚያስችል) እና ኢንስትሩመንት ሬቲንግ (በደመና ውስጥ በመሣሪያ እየተመሩ ለመብረር የሚያስችል) አላት፤ የበረረችው 260 ሰዓት ነው። የያዘችው የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የአሜሪካ ግሪን ካርድ ነው። ሴስና 172 የተባለ ባለአንድ ሞተር፣ ባለአራት ወንበር አውሮፕላን ያለው ሰው እሱንና ሚስቱን ካናዳ፣ ቪክቶሪያ አድርሳ እንድትመልሳቸው ጠይቋታል፤ ይከፍላታልም። «ክፍያው ችግር ያመጣብኝ ይሆን? እንዴት ልዘጋጅ? ለሥራ ፍለጋዬስ ይጠቅመኛል?» ትላለች።

እህታችን፣ ከክፍያው እንነሣ፤ እሱ ካልጠራ የቀረው ዝግጅት ዋጋ የለውም። አውሮፕላኑ የሰውየው ከሆነ፣ ተሳፋሪዎቹ እሱና ሚስቱ ብቻ ከሆኑ፣ ኮሜርሽያል ፈቃድሽም ሆነ ሁለተኛ ደረጃ የሕክምና ምስክር ወረቀትሽ ካልተቃጠለ መቀበል ትችያለሽ። የሕክምናው ወረቀት ለክፍያ በረራ የሚያገለግለው 12 ወር ብቻ መሆኑን አትርሺ። በዚህ አሠራር የምትሸጪው የአብራሪነት ጉልበትሽን ነው። ነገሩ የሚበላሸው አንቺ ራስሽ አውሮፕላን ተከራይተሽ ሰው አሳፍረሽ ገንዘብ ስትቀበዪ፣ ወይም ሰውየው ጎረቤቶቹን ጭኖ ከእነሱ ሒሳብ ሲሰበስብ ነው። ያ ቻርተር ይባላል፤ የኤፍኤኤ (የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን) ክፍል 135 በሚባለው ደንብ የሚሰጥ የኦፕሬተር ፈቃድ ይጠይቃል። በ260 ሰዓት ላይ ፈቃድ መታገድ ደግሞ ለዓመታት በየቃለ መጠይቁ የሚነሣ ጉዳይ ይሆናል።

ቀጥሎ ኢንሹራንሱን እዪ። ፖሊሲው ውስጥ ይህን አውሮፕላን ማን ማብረር እንደሚችል የሚናገር አንቀጽ አለ፤ ብዙውን ጊዜ የተወሰነ ጠቅላላ ሰዓትና በዚያው ዓይነት አውሮፕላን ላይ የተበረረ ሰዓት ይጠይቃል። ካላሟላሽ ሰውየው ለደላላው ደውሎ በስም ያስመዝግብሽ። እግረ መንገዱን ካናዳ በሽፋኑ ክልል ውስጥ መሆኗን ይጠይቅና ማረጋገጫውን በጽሑፍ ይቀበል፤ ካናዳ የሦስተኛ ወገን ሽፋን ማስረጃ አውሮፕላኑ ውስጥ እንዲገኝ ትፈልጋለች። «አይዞሽ፣ ኢንሹራንስ አለኝ» የሚል ቃል አይበቃሽም።

ወደ ራስሽ ወረቀት እንምጣ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካናዳ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። ይሁንና ከሚያዝያ 2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከካርዱ ጋር ያልተቃጠለ የዜግነት ፓስፖርት ማሳየት ግድ ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ ግሪን ካርዱ ከመጣ በኋላ የኢትዮጵያ ፓስፖርታቸውን ሳያሳድሱ ዓመታት ያልፋሉ። የጥገኝነት ጉዳይሽ ገና ያላለቀ ቢሆን ኖሮ ግን መልሳችን ሌላ ነበር፤ ጠበቃ ሳታነጋግሪ ከአሜሪካ ንቅንቅ አትበዪ እንልሽ ነበር። የሰውየው ሚስት የአውሮፓ ፓስፖርት ይዛ በኢስታ፣ ማለትም ያለ ቪዛ ለሚገቡ ሰዎች በኦንላይን በሚሰጠው ፈቃድ፣ የገባች ከሆነችም ጠይቂ፤ ኢስታ የሚሠራው ስምምነት በፈረሙ አጓጓዦች ለሚመጣ ሰው ስለሆነ በግል አውሮፕላን ስትመለሱ አያገለግላትም፣ ቪዛ ያስፈልጋታል።

የአውሮፕላኑን ሰነዶች በፎቶ ሳይሆን ዋናውን ወረቀት እያየሽ አረጋግጪ፦ የአየር ብቁነት ምስክር ወረቀት፣ ምዝገባ፣ የአምራቹ መመሪያ፣ የክብደትና ሚዛን ሰነድ። አውሮፕላኑ በቅርቡ ተገዝቶ ከሆነ ምዝገባውን በተለይ መርምሪ። ዋናው እስኪመጣ የሚያዘው ጊዜያዊ ቅጂ የሚሠራው አሜሪካ ውስጥ ብቻ ነው፤ ድንበር አያሻግርም። ለአገር ውስጥ በረራ የማይጠየቁ ሁለት የኤፍሲሲ (የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን) ወረቀቶችም ይጨመራሉ። አንደኛው የአውሮፕላኑ የሬዲዮ ጣቢያ ፈቃድ ሲሆን ለ10 ዓመት ያገለግላል፤ ሁለተኛው ያንቺ የሬዲዮ ተጠቃሚነት ፈቃድ ነው፣ እሱ የዕድሜ ልክ ነው። ለሁለቱም ማመልከቻው በኦንላይን ይገባል። የድንገተኛ አደጋ ምልክት ማስተላለፊያው በ406 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ይሁን፤ በድሮው 121.5 የሚጮኸውን ሳተላይቶች ከ2009 ጀምሮ ማዳመጥ አቁመዋል። በመጨረሻም ለአሜሪካ ጉምሩክ፣ ማለትም ለሲቢፒ፣ በየዓመቱ የሚከፈልበት ተለጣፊ አለ። ሰውየው አስቀድሞ ኦንላይን ከፍሎ ያስመጣው፤ በፖስታ ስለሚላክ በጉዞው ዋዜማ የሚታዘዝ ነገር አይደለም።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ኢ-ኤፒስ የሚባለው የሲቢፒ የተሳፋሪ ዝርዝር። ከ2009 ጀምሮ ማንኛውም የግል አውሮፕላን ከአሜሪካ ሲወጣም ሲገባም ይህን ማስገባት አለበት፤ ከመነሣቱ ቢያንስ 60 ደቂቃ ቀድሞ። ሕጉ ሲወጣ ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጥፋት 5,000፣ ለተደጋጋሚ 10,000 ዶላር ነበር፤ የሚቀጣውም አብራሪው ነው፣ ባለንብረቱ አይደለም። አካውንቱን ቢያንስ ከሳምንት በፊት ክፈቺ። የመውጫውንም የመመለሻውንም ዝርዝር እቤትሽ ሆነሽ አንድ ላይ ላኪ፤ ካናዳ ሆቴል ውስጥ ኢንተርኔት ፍለጋ አትንከራተቺ። ዝርዝሩን መላክሽ ብቻ አይበቃም፤ መነሣት እንደምትችዪ የሚገልጸው መልስ በኢሜይል እስኪደርስሽ ጠብቂ።

የስም ነገር ለእኛ ሰው የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአያት ስም በፓስፖርቱ በአንድ መልክ፣ በግሪን ካርዱ በሌላ፣ በአብራሪ ፈቃዱ ደግሞ በሦስተኛ መልክ ሊጻፍ ይችላል። ቅጹ ላይ ስምሽን ከልማድ አትሙዪ። የሰነዱን ቁጥር ስታስገቢ ስሙንም ከዚያው ሰነድ፣ በማሽን ከሚነበበው መስመር ላይ ፊደል በፊደል ገልብጪ። በዚያ መስመር ከሁለቱ ተከታታይ የማዕዘን ምልክቶች (<<) በፊት ያለው የቤተሰብ ስም፣ ከእነሱ በኋላ ያለው የመጠሪያ ስም ነው። በአብራሪ ፈቃድሽ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ የሚለይ ከሆነ ከጉዞው በፊት ኤፍኤኤ ዘንድ አስተካክዪው።

ኢ-ኤፒስ ስልኩን አይተካም። ካናዳ ለመግባት ለካናዳ ድንበር አገልግሎት የስልክ ማስታወቂያ ማዕከል ከመድረስሽ ከ2 ሰዓት ባላነሰ፣ ከ48 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ትደውያለሽ። የጅራት ቁጥር (የአውሮፕላኑ መለያ)፣ የምታርፊበት ኤርፖርትና ሰዓት፣ የሁሉም ሰው ስም፣ የልደት ቀንና ዜግነት፣ የጉዞው ዓላማና የቆይታው ርዝመት ይጠየቃል። ስትመለሺም መጀመሪያ የምታርፊው የመግቢያ ኤርፖርት ላይ ነው፦ ፍራይደይ ሃርበር፣ ቤሊንግሃም ወይም ቦይንግ ፊልድ። እዚያ ላለው የሲቢፒ ቢሮ ራስሽ ደውለሽ ሰዓት ተቀበዪ፤ የመኮንኑንም ስም ጻፊ። በበረራ ዕቅዱ ማስታወሻ ላይ «ለጉምሩክ ይነገር» ብሎ ጽፎ መተማመን የድሮ ልማድ ነው፤ መልእክቱ መድረሱን የሚያረጋግጥልሽ የለም። ከተስማማችሁበት ሰዓት ቀድሞ ማረፍም ጥፋት ነው። ነፋሱ ከጀርባ ከገፋሽ ሞተሩን ቀነስ አድርጊ ወይም ዞር ዞር ብለሽ ጠብቂ። ካረፍሽ በኋላ መኮንኑ እስኪመጣ ማንም ከአውሮፕላኑ አይውረድ።

ሰዓቱን በወረቀት ላይ በሁለት ዓምድ ጻፊው። ኢ-ኤፒስና ስልኩ በአካባቢ ሰዓት ናቸው፤ የበረራ ዕቅዱ ግን በዙሉ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የግሪንዊች ሰዓት፣ ነው። በበጋ ሲያትል ከዙሉ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ነች፤ ረፋድ 10፡00 ማለት 17፡00 ዙሉ ነው። እናትሽ ስትደውል ደግሞ ያው የሲያትል ረፋድ በሐበሻ አቆጣጠር ጠዋት 4 ሰዓት ነው፤ ሦስቱ እንዳይምታቱብሽ።

ድንበሩን ያለ በረራ ዕቅድ ማለፍ አይቻልም። ዕቅዱ መከፈት አለበት፣ ለአንቺ ብቻ የተሰጠ የትራንስፖንደር (አውሮፕላኑን ራዳር ላይ የሚያሳውቅ መሣሪያ) ኮድ ያስፈልጋል፣ ከመቆጣጠሪያ ጋር የሬዲዮ ግንኙነትም እንዲሁ። ሲያትል አፕሮች የሚባለው የራዳር መቆጣጠሪያ ወደ ዊድቢ አፕሮች ያስተላልፍሻል፤ ዊድቢ የባሕር ኃይል ጄቶች ያሉበት ሰማይ ስለሆነ በጥሞና አዳምጪ። ከዚያ የቪክቶሪያ ተራ ነው። እዚህ ላይ የአሜሪካ ተማሪዎች የሚሳሳቱበት ልዩነት አለ። አሜሪካ ውስጥ ወደ ክፍል ሲ ሰማይ (በኤርፖርት ዙሪያ ያለ ቁጥጥር የሚደረግበት ክልል) ለመግባት መቆጣጠሪያው የጅራት ቁጥርሽን ጠርቶ መልስ መስጠቱ ይበቃል፤ ካናዳ ውስጥ ግን ለክፍል ሲ ግልጽ ፈቃድ መቀበል አለብሽ። ካልሰማሽው ጠይቂ።

መንገዱ ከ80 ኖቲካል ማይል ጥቂት ያልፋል፤ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። አስቸጋሪው ውኃው ነው። ሴስና 172 ሞተሩ ቢቆም ከየ1,000 ጫማው ወደ 1.5 ኖቲካል ማይል ይንሸራተታል። በቀጥታ በሰፊው ባሕር ላይ ከመሻገር በአናኮርቴስና በሳን ሁዋን ደሴቶች ላይ ዙሪ፤ የሚጨምርብሽ ጥቂት ደቂቃ ነው። ወደ ሰሜን ምዕራብ ስለምትሄጂ ደመናው ከፈቀደ 6,500 ጫማ ያዢ፤ ያኔ ከ9 ማይል በላይ ስለምትንሸራተቺ አንዱ ባሕር ዳር ሁልጊዜ ይደረስልሻል። ደመናው ከ3,000 በታች ካስገደደሽ ጉዞውን አዘግዪ። ውኃው በአብዛኛው 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ የሕይወት ጃኬቱ ከወንበር ሥር ሳይሆን በሁሉም ሰው ላይ ይሁን፣ የሚነፋውም ከወጡ በኋላ ብቻ መሆኑን ንገሪያቸው።

ነዳጅ ካናዳ በሊትር ይሸጣል፤ አንድ ጋሎን 3.785 ሊትር ነው። በሰዓት 9 ጋሎን ብታሰቢ 40 ጋሎን ደርሶ መልስ አብቅቶ በቂ መጠባበቂያ ይተርፈዋል፤ ስለዚህ ከቤት ሞልተሽ ሂጂ። ግን ሦስት ሰውና ሻንጣ ሲጨመር ክብደቱን በእውነተኛ ኪሎ አስዪው፤ «60 ኪሎ ነኝ» ያለሽን ሁሉ አትመኚ። ሽጉጥ አይጫንም። ካናቢስ በዋሽንግተንም በካናዳም የተፈቀደ ቢሆንም ድንበር ማሻገሩ ወንጀል ነው፤ ይህን ለሁለቱም ተሳፋሪዎች በግልጽ ንገሪያቸው።

ቪክቶሪያ ስታርፊ ወደተመደበው ቦታ ሄደሽ ትቆሚያለሽ፤ ለማዕከሉ ለመደወል አንቺ ብቻ ትወርጃለሽ። የሚሰጥሽን የሪፖርት ቁጥር ጻፊና አስቀምጪ፤ መግባታችሁን የሚያረጋግጠው እሱ ነው። ለምን መጣሽ ብለው ቢጠይቁሽ ባለንብረቱ ቀጥሮሽ አብራሪ ሆነሽ መምጣትሽን በቀጥታ ተናገሪ። ስትመለሺ አሜሪካ ውስጥ የበረራ ዕቅዱን ማማው አይዘጋልሽም። በስልክ ራስሽ ዝጊው፤ ከታሰበው ሰዓት 30 ደቂቃ ካለፈ ፍለጋ ይጀመራል።

ለሥራ ፍለጋሽ ይጠቅማል ወይ? በሰዓት ደረጃ ጥቂት ነው። ለአየር መንገድ የሚጠየቀው 1,500 ሰዓት ሲሆን ከዚያ ውስጥ 500ው የአገር አቋራጭ በረራ ነው፤ ይህ ጉዞ ሁለት ሰዓት ቢጨምር ነው። ቀጣሪ ፊት ክብደት የሚኖረው ያዘጋጀሽው ፋይል ነው። ትናንሽ የቻርተርና የኩባንያ አውሮፕላን ክፍሎች ጉምሩኩን፣ ፈቃዱንና ሰዓቱን የሚያስተባብር ሰው ዘወትር ያስፈልጋቸዋል፤ 500 ሰዓት ሳይሞላሽ በክፍል 135 በዋና አብራሪነት ልትቀጠሪ ባትችዪም በዚህ በር መግባት ትችያለሽ። ስለዚህ የግል መረጃ የሌለበት የማረጋገጫ ዝርዝር አዘጋጅተሽ አስቀምጪ፤ ሲቪሽ ላይም «ካናዳ በረርኩ» ከማለት «የሲያትል–ቪክቶሪያ በረራ የጉምሩክ፣ የሰነድና የበረራ ዕቅድ ዝግጅት በሙሉ ኃላፊነት» ብለሽ ጻፊ። ቀጣዩ እርምጃሽ መልቲ ኢንጂን (ከአንድ በላይ ሞተር ያለው አውሮፕላን የማብረር ፈቃድ) ይሁን። ዜጋ ስላልሆንሽ ለዚያ ሥልጠና የቲኤስኤ (የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት) የደኅንነት ማጣሪያ ያስፈልግሻል፤ ከ2024 ወዲህ አንድ ማጣሪያ እስከ 5 ዓመት ስለሚያገለግል ለኢንስትሩመንቱ ያወጣሽው ካለ ቀኑን ተመልከቺ።

ለመጀመሪያው ጉዞ ይህን መንገድ የሚያውቅ አስተማሪ በአራተኛው ወንበር ቢቀመጥ ጥሩ ነበር፤ ክብደቱ ግን አይፈቅድ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ከሳምንት በፊት ከእሱ ጋር እስከ ፍራይደይ ሃርበር ደርሰሽ ተመለሺ፤ ውኃውን፣ የዊድቢን ሬዲዮና የጉምሩኩን ማቆሚያ ድንበር ሳትሻገሪ ታዪዋለሽ። ሰውየውም ቀን ከመቁረጡ በፊት ተለጣፊው፣ የኤፍሲሲው ፈቃድና የኢንሹራንሱ ደብዳቤ በእጅሽ መግባታቸውን ይጠብቅ።