መልስ፦ አውሮፕላን መሬት ላይ እየነዳህ (ታክሲ ስታደርግ) የቱ መስመር ጋ ነው የምትቆመው?

ከማኮብኮቢያው በፊት መሬት ላይ የተሰመሩት አራት ቢጫ መስመሮች ጋ በየት በኩል እንደምትቆም ነው የጠየቅከው። ያልተቆራረጡት ሁለቱ ወደ አንተ ከሆኑ፣ ሳይፈቀድልህ አትለፍ። የአፍንጫው ጫፍም ቢሆን ማለፍ የለበትም። የተቆራረጡት ወደ አንተ ከሆኑ ግን ከማኮብኮቢያው እየወጣህ ነው፤ ጅራትህ መስመሩን ጨርሶ እስኪያልፍ ቀጥል።

ቀይ ሰሌዳ ላይ ነጭ ቁጥር ካየህ ማኮብኮቢያው ፊትህ ነው። መሬት ላይ የተደረደሩት ቀይ መብራቶች ከበሩ፣ የበረራ ተቆጣጣሪው በሬዲዮ «እለፍ» ቢልህም ቁምና ጠይቅ።

ቡልቡላ ስለምትኖር ቦሌ የሚያርፉትን በየቀኑ ታያቸዋለህ። እዚያ ጎን ለጎን ሁለት ማኮብኮቢያ ነው ያለው፤ 07 ግራ እና 07 ቀኝ። ስለዚህ የተቆጣጣሪውን መመሪያ መልሰህ ስትደግምለት «07» ብቻ ማለት አይበቃም። «ከ07 ቀኝ በፊት እቆማለሁ» በል፣ ጥሪ ስምህንም (የአውሮፕላንህን የሬዲዮ መለያ) ጨምር። «ሮጀር» (ሰምቻለሁ) ብሎ ዝም ማለት መልስ አይደለም።

መንገዱ ከጠፋህ ታክሲዌዩ (ወደ ማኮብኮቢያው የሚወስደው መንገድ) ላይ ቁምና ለግራውንድ (ለመሬት እንቅስቃሴ ተቆጣጣሪው) ንገር። ማኮብኮቢያ ላይ ከሆንክ ግን አትቁም፤ ወዲያው ለታወር (ለማኮብኮቢያው ተቆጣጣሪ) እየነገርክ ውጣ።

አንድ ነገር ከራሴ ልንገርህ። ተማሪ ሳለሁ መመሪያውን እንደ በቀቀን ደገምኩት፤ አልጻፍኩትም። መስመሩ ጋ ስደርስ የቼክሊስት ገጽ እያገላበጥኩ ነበር። ፍሬኑን የረገጠው አስተማሪዬ ነው። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሴስና (ትንሽ አውሮፕላን) ከፊታችን እየተንደረደረች አለፈች። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ ጉልበቴ ላይ ታስሮ ነው የምንቀሳቀሰው፤ ቼክሊስትም ቆሜ ካልሆነ አልነካም።