ጥያቄና መልስ፦ የሊኑክስ ከርነል የሰዓት አያያዝ ሲለወጥ ስለሚወድቁ ቴስቶች

ጥያቄ፦ ከርነሉን (የሊኑክስ ሥርዓተ ክወናን እምብርት) ካሻሻልን ወዲህ ቴስታችን አንዳንዴ ያልፋል፣ አንዳንዴ ይወድቃል። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ በዚህ መልክ ለቀረበ ጥያቄ መልስ መስጠት አይቻልም። የቀድሞውንና የአዲሱን ከርነል ቁጥር፣ ኮዱ የሚያነበውን የሰዓት ዓይነትና የኤችዜድ ልኩን (ከርነሉ በሰከንድ ስንት ቲክ፣ ማለትም የሰዓት ምት እንደሚመታ) ይጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቴስታችን የሪልታይም ሰዓቱን (ቀንና ሰዓት የሚነግረውን) አንብቦ ፋይል ይጽፋል፤ ከዚያም ፋይሉ የተጻፈበት ጊዜ ካነበበው ሰዓት እንደማይቀድም ያረጋግጣል። ፋይል ሲስተሙ ኤክስት4፣ ኤችዜድ 250 ነው። በ6.8 ይወድቅ ነበር፤ 6.13 ያስተካክለዋል ተብለን ብንጭነውም አሁንም ይወድቃል።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጥያቄ የሚጠየቀው እንዲህ ነው። የሪልታይም ሰዓቱን ስታነቡ ከርነሉ የሃርድዌሩን ቆጣሪ አይቶ እስከ ናኖሰከንድ የደረሰ ልክ ይሰጣችኋል። በፋይሉ ላይ የሚታተመው ጊዜ ግን ለፍጥነት ሲባል የሚወሰደው ከኮርስ ሰዓቱ፣ ማለትም የመጨረሻው ቲክ ሲመታ ከተመዘገበው ጊዜ ነው። ኤችዜድ 250 ሲሆን ቲኩ በየ4 ሚሊሰከንዱ ስለሚመታ፣ ፋይሉ ሰዓቱን ካነበባችሁ በኋላ ተጽፎ እያለ እስከ 4 ሚሊሰከንድ የቀደመ ጊዜ ሊይዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በወጣው 6.13 የገባው መልቲግሬይን የተባለው አሠራር ረቂቁን (እስከ ናኖሰከንድ የሚደርሰውን) ሰዓት የሚጠቀመው፣ ካለፈው ለውጥ ወዲህ የፋይሉን ጊዜ በስታት (የፋይል መረጃ በሚጠየቅበት ጥሪ) የጠየቀ ካለ ብቻ ነው። የእናንተን ፋይል ማንም ስላልጠየቀ እንደ ቀድሞው የኮርሱ ጊዜ ይታተምበታል።

ይህ አሠራር ቀደም ሲል ለ6.6 ገብቶ፣ ከርነሉ ሳይለቀቅ እንዲወጣ ተደርጎ ነበር፤ ኋላ የተጻፈ ፋይል ቀድሞ ከተጻፈው ያነሰ ጊዜ ይዞ ሊገኝ ስለሚችል፣ በፋይል ጊዜ የሚመሩትን እንደ ሜክ (ፕሮግራም መገንቢያ) ያሉ መሣሪያዎች ያሳስት ነበር። እንግዲህ የታችኛውን ወሰን ከኮርስ ሪልታይም፣ የላይኛውን ደግሞ ከተራው ሪልታይም ውሰዱ።

አንድ አባል፦ ከመጻፉ በፊት የ1 ሰከንድ እንቅልፍ ማስገባት ይበቃል። እኛ ዘንድ ከዚያ ወዲህ ወድቆ አያውቅም።

ሌላ አባል፦ ሺህ ቴስት ላለው ሰው ይህ ከሩብ ሰዓት በላይ መጠበቅ ነው። ደግሞስ ጥፋቱ የከርነሉ ሆኖ ሳለ የእኛን ኮድ ለምን እናስተካክላለን? የከርነሉ ሠሪዎች በ4.17 ሞኖቶኒክ የተባለውን ሰዓት እንደ ቡትታይም ሰዓት ሊያደርጉት ሞክረው በመጨረሻ ራሳቸው አልመለሱትም?

መልስ፦ እንቅልፍ አታስገቡ፤ ስሕተቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያርመውም። የ4.17ቱ ነገር ግን የተለየ ነው። ሁለቱም ሰዓቶች ማሽኑ ከተነሣ ወዲህ ያለፈውን ጊዜ ይቆጥራሉ፤ ሞኖቶኒክ ግን ማሽኑ ተኝቶ የቆየበትን ጊዜ አይቆጥርም፤ ቡትታይም ይቆጥራል። ሁለቱ አንድ ሲደረጉ፣ ማሽኑ ከእንቅልፉ ሲነቃ ሲስተምዲ (አገልግሎቶችን የሚያስጀምረውና የሚቆጣጠረው ፕሮግራም) አገልግሎቶቹ ለረጅም ጊዜ ምላሽ እንዳልሰጡ ቆጥሮ ይገድላቸው ጀመር፤ ስለዚህ 4.17 ከመለቀቁ በፊት ለውጡ ተሻረ። በዚያን ጊዜ ፕሮግራሞቹ ትክክል ነበሩ፤ ለረጅም ዘመን በጸና ጠባይ ተማምነዋል። የፋይሉ ቴስት ግን ማንም ቃል ባልገባለት ነገር ላይ የቆመ ነው።

ጥያቄ፦ ቴስታችን አዲስ አበባ ባለው ላፕቶፕ ያልፋል፤ ሰርቨሩ ላይ በ3 ሰዓት ልዩነት ይወድቃል።

መልስ፦ ይህ የከርነል ጉዳይ አይደለም። የሰርቨሩን የሰዓት ክልል ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ከ4.4 ወደ 4.19 ስንሻገር፣ 3 ሰከንድ የተሰጠው የሶኬት (የኔትወርክ ግንኙነት) መቀበያ የጊዜ ገደብ ከ3.1 ሰከንድ እያለፈ ቴስቱን ይጥለዋል። ኤችዜድ 250 ነው።

መልስ፦ በ4.8 የታይመር ዊሉ (ከርነሉ ታይመሮችን በቀጠሯቸው የሚደረድርበት መዋቅር) እንደ አዲስ ተሠርቷል። ከዚያ ወዲህ ሩቅ ቀጠሮ ያለው ታይመር በሰፊ ክፍተት ይመደባል፤ በእናንተ ኤችዜድ ከ2 እስከ 16 ሰከንድ አካባቢ ላለ ቀጠሮ ክፍተቱ 256 ሚሊሰከንድ ነው። ታይመሩ ሊዘገይ ይችላል፣ አይቀድምም፤ መዘግየቱም ቢበዛ 12.5 በመቶ ይደርሳል። ለጊዜ ገደብ ይህ ጉዳት የለውም፤ አብዛኛው ገደብ ሳይደርስ የሚሰረዝ ነውና። ጥብቅ ልክ ከፈለጋችሁ በፖል (መረጃ እስኪመጣ በሚጠበቅበት ጥሪ) ጠብቁ፤ እርሱ የሚሄደው በረቂቁ ታይመር ነው።

ጥያቄ፦ ሰዓቱን ወደ 1970 መጀመሪያ የሚመልስ ቴስት አለን፤ እምቢ ይላል።

መልስ፦ ሪልታይም የሚቆጠረው ከ1970 መጀመሪያ ነው፤ ከ4.3 ጀምሮ ደግሞ ሪልታይምን ከሞኖቶኒክ በታች ማድረግ አይፈቀድም።

ጥያቄ፦ የእኛም ቴስት ከከርነል ለውጥ በኋላ ይወድቃል።

መልስ፦ የከርነሉ ቁጥር፣ የሰዓቱ ዓይነት፣ ኤችዜድ። ሁለተኛ ጊዜ መጻፌ ነው።

ጥያቄ፦ እንደ ላይኛው ያለ የፋይል ጊዜ ቴስት ነበረን። ኡቡንቱን (የሊኑክስ ሥርጭቱን) ከ24.04 ወደ 24.10 ስናሻግር ምንም ሳንነካው ዳነ። እንዝጋው?

መልስ፦ አትዝጉት። ኡቡንቱ በ24.10 ኤችዜድን ከ250 ወደ 1000 ስላሳደገ ክፍተቱ ከ4 ወደ 1 ሚሊሰከንድ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። ቴስቱን አሥር ሺህ ጊዜ ደጋግማችሁ አስኪዱትና ስንት ጊዜ እንደወደቀ ጻፉልኝ።